ባሕር የዋጠው ድልድይና ያልዋጠው

(ከአማርኛው የሬዲዮ ዝግጅት የተወሰደ ንግግር)

 

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ የቤት ኪራይ ወይም የመሥሪያ ቤት ወረቀት አይደለም። ስለ ጥንት ዘመን፣ ስለ ባሕርና ስለ የብስ ነው። «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? ኑሯችንን ገና መች አደላደልንና!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ነገሩ ወዴት እንደሚያደርሰን እስክታዩ ድረስ ግን በትዕግሥት እንድትከታተሉኝ እለምናችኋለሁ።

ርዕሱን የመረጥኩት በአንዲት እናት ምክንያት ነው። በመርካዝ ክሊታ የምትኖር፣ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት እናት ናት። አምስተኛ ክፍል የሚማረው ልጇ አንድ ቀን የዓለም ካርታ የተሣለበት ወረቀት ይዞ መጣና፣ «እማዬ፣ አህጉሮች ድሮ በምን ይገናኙ ነበር? ይህች አገርስ ለምን ድልድይ ተባለች?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም፣ «ልጄ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ምን አውቃለሁ፤ አስተማሪህን ጠይቅ» አለችው። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «የሚቆጨኝ ጥያቄውን አለመመለሴ አይደለም» አለችኝ፤ «ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ይህ በአንድ ቤት ብቻ የደረሰ ነገር አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬ የልጁን ጥያቄ ከእናንተ ጋር ሆነን እንመልሰው። የማወራችሁን ለመረዳት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ ወንዝ መሻገር የሚያውቅ ሰው ይበቃል።

እስኪ ለአፍታ ወደ አገር ቤት ልመልሳችሁ። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል። ወዲያ ማዶ ያለ ዘመድ ቢታመምም፣ ገበያው ቢቀርም፣ ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ ነው። በጋ ሲሆን ግን ውኃው ይሸሽና መልካው ይወጣል፤ ሰውም ከብቱም በእግሩ ይሻገራል። መልካውን ማንም አልሠራውም። ድሮም እዚያው ነበር፤ የሸሸው ውኃው ነው።

የየብስ ድልድይ የሚባለውም ይኸው ነው። የምድር መልካ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የወንዙ ክረምትና በጋ በየዓመቱ ሲፈራረቅ፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ግን በብዙ ሺህ ዓመታት የሚቆጠር መሆኑ ነው።

«የወንዝ ውኃስ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ የባሕር ውኃ ደግሞ ወዴት ይሸሻል?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፀሐይ ከባሕር ላይ ውኃን በእንፋሎት ታነሣለች፤ እንፋሎቱ ደመና ይሆናል፤ ደመናው ዝናብ ይሆናል፤ ዝናቡን ወንዞች ሰብስበው ወደ ባሕር ይመልሱታል። ባሕር ለምድር ያበደረውን ምድር በወንዞች እጅ ትመልስለታለች ማለት ነው። ሆኖም ምድራችን እጅግ የቀዘቀዘችባቸው ረጃጅም ዘመናት ነበሩ። እነዚህ «የበረዶ ዘመን» ይባላሉ። በዚያን ጊዜ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የወረደው በረዶ በበጋ ሳይቀልጥ ቀረ። በዓመቱ ሌላ በረዶ ተደረበበት፤ በላዩም ሌላ። እንዲህ እያለ በሺህ ዓመታት ውስጥ ተራራ አከለ። ዛሬ ካናዳ በምትባለው አገር ላይ የተከመረው ግግር በረዶ አንዳንድ ቦታ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ውፍረት ነበረው። ያ ሁሉ ውኃ ከባሕር የተወሰደ ብድር ነበር፤ ብድሩም ሳይመለስ ቆየ። ስለዚህ ባሕሩ ጎደለ።

ምን ያህል ጎደለ? በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ብርዱ በጠናበት ወቅት፣ ማለትም ከዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የባሕር ከፍታ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። አንዱን ፎቅ ሦስት ሜትር ብናደርገው፣ የ40 ፎቅ ሕንፃ ከፍታ ማለት ነው።

«ይህን ማን አየው?» ማለትም ተገቢ ነው። ያየው ሰው የለም፤ ምስክር ግን አለ። ኮራል የሚባል፣ በባሕር ውስጥ ድንጋይ መሰል ቤት እየሠራ የሚኖር ፍጥረት አለ። አንዳንዱ የኮራል ዓይነት የፀሐይ ብርሃን ካላገኘ አይኖርም፤ ስለዚህ ከውኃው ፊት ብዙም አይርቅም። ሪቻርድ ፌርባንክስ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በባርቤዶስ ደሴት አጠገብ የባሕሩን ወለል በመሣሪያ ሰርስረው፣ ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የዚህን ኮራል የሞተ ቅሪት አወጡ። ውጤቱንም በ1989 አሳተሙ። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ኮራሉ ወደ ጥልቁ አልወረደም፤ እርሱ በነበረበት ቀርቶ ባሕሩ ነው በላዩ የወጣው። የወንዝ ሙላት ያለፈበትን ከፍታ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረው ገለባ እንደምናውቀው ሁሉ፣ እነርሱም ከኮራሉ አወቁት።

አሁን የልጃችሁን ካርታ ዘርጉ። ወደ ሰሜን፣ እስያ ወደምታልቅበትና አሜሪካ ወደምትጀምርበት ጫፍ ተመልከቱ። ሩሲያና አላስካ እዚያ ፊት ለፊት ተያይተዋል። በመካከላቸው ያለው ውኃ የቤሪንግ ወሽመጥ ይባላል። በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች አሉ፤ አንዱ የሩሲያ፣ ሌላው የአሜሪካ ነው። ርቀታቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የዓለም የቀን መለወጫ መስመር በመካከላቸው ያልፋል። ስለዚህ በአንዱ ደሴት ሰኞ ሆኖ ሳለ በሌላው ገና እሑድ ነው።

ወሽመጡ ስሙን ያገኘው በሩሲያ ባሕር ኃይል ካገለገለው ዴንማርካዊ፣ ከቪቱስ ቤሪንግ ነው። ቤሪንግ በ1728 በመርከብ በዚያ አለፈ፤ ጭጋግ ስለነበረ ግን አሜሪካን ሳያያት ተመለሰ። በ1741 እንደገና ሄዶ አላስካ ደረሰ፤ በመልስ ጉዞው መርከቡ ተሰብሮበት፣ ዛሬ በስሙ በሚጠራ ደሴት ላይ ሕይወቱ አለፈ።

እንግዲህ ልጃችሁን ይህን ሒሳብ ጠይቁት። የወሽመጡ ጥልቀት 50 ሜትር ገደማ ነው። ባሕሩ 120 ሜትር ቢጎድልስ ምን ይሆናል? ልጁ ራሱ ይነግራችኋል፤ ወለሉ ከውኃው በላይ ይወጣል። የሆነውም ይኸው ነው። እስያና አሜሪካ አንድ መሬት ሆኑ።

«ድልድይ» የሚለው ቃል ግን እንዳያሳስተን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ አልነበረም። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሰፊው ቦታ 1,600 ኪሎ ሜትር የሚደርስ አገር ነበር። ኤሪክ ሁልቴን የተባለ ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1937 ይህን አገር «ቤሪንጂያ» ብሎ ሰየመው። ሁልቴን በወሽመጡ ግራና ቀኝ የሚበቅሉትን ዕፅዋት ቢያመሳክር ተመሳስለው አገኛቸው። ዘር ያን ያህል ባሕር እንዴት ተሻገረ? አልተሻገረም፤ በየብስ ነው የተዛመተው። በኋላም ተመራማሪዎች የባሕሩን ወለል እየሰረሰሩ ጭቃውን ሲመረምሩ፣ በውስጡ የአበባ ብናኝና የበሰበሰ ዕፅዋት አገኙ። ሣርና ቁጥቋጦ የበቀለበት መሬት ዛሬ ዓሣ ይዋኝበታል።

እዚህ ላይ የማደንቀውን አንድ ሰው ልጥቀስ። ኾሴ ደ አኮስታ ይባላል፤ በፔሩ ብዙ ዓመት የኖረ ስፔናዊ ካህን ነበር። በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ሲል አሰበ። በአሜሪካ ተኩላና ቀበሮ አለ። ሰው በሬና በግ በመርከብ ይጭናል እንበል፤ ተኩላን ግን ማን ጭኖ ይወስዳል? እንግዲያው በአንድ ቦታ ሁለቱ ምድሮች ወይ ይገናኛሉ፣ ወይም በጣም ይቀራረባሉ፤ ሰውም አውሬውም የመጣው በዚያ ነው። ይህን የጻፈው ቤሪንግ ወደ ወሽመጡ ከመድረሱ 138 ዓመት በፊት ነው። ካርታው ገና አልተሣለም፤ ቦታውን ያየ የአገሩ ሰው የለም። የእንስሳን ጠባይ አስተውሎ ብቻ ነው ከእውነቱ ደጃፍ የደረሰው። ስለ እንስሳ የሚያውቅ ሰው ስለ ዓለም ምንም አላውቅም ማለት እንደሌለበት ከዚህ እንማራለን።

በዚህ ሰፊ መልካ የተሻገሩት እነማን ነበሩ? ማሞዝ የሚባለው ጠጉራም ዝሆንና ባይሰን የሚባለው ጎሽ መሰል እንስሳ ከእስያ ወደ አሜሪካ አለፉ። ከአሜሪካ ወደ እስያ ከመጡት መካከል ደግሞ የምታውቋቸው ሁለት አሉ፤ ፈረስና ግመል።

አዎን፣ ግመል! ከደናክል ጨው ተሸክማ ወደ ትግራይ ደጋ የምትወጣው፣ በነጌቭ በረሃም በአውቶቡስ መስኮት የምናያት ግመል፣ የጥንት ዘሯ የመጣው ከሰሜን አሜሪካ ነው። ተሻግረው የመጡት አያቶቿ እንደሆኑ ተመራማሪዎች ይናገራሉ፤ መሻገራቸውም ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን አስቀድሞ በነበረ የየብስ መንገድ ነው። በ2013 በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤልስሜር ደሴት፣ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የግዙፍ ግመል አጥንት መገኘቱ ታትሟል። ወደ ደቡብ የወረዱት ዘመዶቿ ደግሞ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ጭነት የሚሸከመው ላማ ሆኑ። በተወለዱባት በሰሜን አሜሪካ ግን ግመልም ፈረስም ጠፉ። ስፔናውያን ፈረስ በመርከብ ጭነው ወደ አሜሪካ ሲደርሱ፣ የአገሩ ሰዎች እንግዳ ፍጥረት መስሏቸው ደነገጡ። እንስሳው ግን ከ10,000 ዓመት ያህል መለየት በኋላ ወደ ትውልድ ስፍራው መመለሱ ነበር።

ሰዎችም ተሻግረዋል። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጥንት አባቶች ከእስያ መምጣታቸውን የደም ምርመራ፣ ማለትም የዘር ውርስ ጥናት አረጋግጧል። ይሁን እንጂ መች እና በየትኛው መንገድ እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ቀድሞ የሚታመነው፣ በካናዳ ላይ ከነበሩት ሁለት ታላላቅ ግግር በረዶዎች መካከል መንገድ ሲከፈት በዚያ ወረዱ የሚል ነበር። አሁን ግን ብዙዎች የፓስፊክን ዳርቻ ይዘው፣ በጀልባም እየታገዙ ወርደው ይሆናል ይላሉ፤ ምክንያቱም የውስጡ መንገድ ከመከፈቱ በፊት በደቡብ ሰዎች እንደነበሩ የሚያሳይ ማስረጃ ተገኝቷል። በ2021 በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ዋይት ሳንድስ በተባለ ቦታ፣ በደረቀ ሐይቅ ዳር የተገኘ የሰው ዱካ ከ21,000 እስከ 23,000 ዓመት ዕድሜ እንዳለው ታትሟል። ብዙዎቹ ዱካዎች የልጆችና የወጣቶች ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የዘር ውርስ አጥኚዎች እንደሚሉት፣ እነዚህ ሰዎች ወደ ደቡብ ከመውረዳቸው በፊት ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ብዙ ሺህ ዓመት ቆይተዋል፤ ብዙ ሊቃውንትም የቆዩት በዚያው በቤሪንጂያ ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ልጅ ወልደዋል፤ ሽማግሌ ቀብረዋል፤ አድነዋል፤ ነዋሪ ሆነዋል። «ከአህጉር ወደ አህጉር እየተሻገርን ነው» ብሎ ያሰበ ከመካከላቸው አንድም ሰው የሚኖር አይመስለኝም። እኛ ዛሬ ድልድይ የምንለውን እነርሱ አገራችን ነው ይሉት ነበር። መሻገር ማለት እግር የሚራመድበት ጊዜ ብቻ እንዳልሆነ አዲስ አገር የገባ ሰው ያውቀዋል። ሻንጣው ከተፈታ በኋላም መሻገሩ ገና ይቀጥላል።

በመጨረሻ ምድር ሞቀች፤ በረዶው ቀለጠ፤ ብድሩ ተመለሰ። ባሕሩ ግን በአንድ ሌሊት አልሞላም። 120 ሜትሩ እስኪሞላ 12,000 ዓመት ያህል ወስዷል፤ በአማካይ በመቶ ዓመት አንድ ሜትር ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ይፈጥን፣ አንዳንድ ጊዜም ይዘገይ ነበር። አያት ድንኳን የተከለበትን ዳርቻ የልጅ ልጁ በውኃ ውስጥ አገኘው። ከዛሬ 11,000 ዓመት ገደማ በፊት መልካው ተሸፈነ፤ እስያና አሜሪካም ተለያዩ። ከፍ ያሉት ስፍራዎች ደሴት ሆነው ቀሩ። በአንደኛው፣ ራንገል በሚባለው ደሴት፣ ማሞዞች እስከ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት ኖረዋል። የግብፅ ታላላቅ ፒራሚዶች ሲሠሩ እነርሱ ገና በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ዛሬ ደሴት የሆነችው ብሪታንያ ከአውሮጳ ጋር በየብስ የተያያዘች ነበረች። በ1931 ኮሊንዳ የተባለች የዓሣ ማጥመጃ መርከብ በሰሜን ባሕር መረቧን ስትጎትት፣ ከዓሣው ጋር የበሰበሰ ዕፅዋት ክምር ወጣ። መርከበኛው ሲሰብረው በውስጡ ከቀንድ የተሠራ፣ እሾኽ ያወጣ የጦር ጫፍ ተገኘ። የሰው እጅ የሠራው መሣሪያ ነው። እንግዲያው ያ የባሕር ወለል አንድ ጊዜ የሰው አደን ሜዳ ነበር። ያን የሰጠመ አገር ብራዮኒ ኮልስ የተባሉ እንግሊዛዊት ተመራማሪ በ1998 «ዶገርላንድ» ብለው ሰየሙት። ብሪታንያን ከአውሮጳ ጋር ያያዘው መሬት ከዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ በፊት ተዋጠ።

ባሕር ስለጎደለ ሳይሆን መሬት ስለተነሣ የተፈጠረ ድልድይም አለ። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን የሚያያይዘው የፓናማ ልሳነ ምድር በምድር ውስጥ ኃይልና በእሳተ ገሞራ ከባሕር ብቅ ብቅ እያለ፣ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተዘጋ። ላማው ወደ ደቡብ የወረደው በዚያ ነው። ልብ በሉ፤ የየብስ እንስሳትን ያገናኘው ይኸው መሬት፣ የሁለቱን ባሕሮች ዓሣዎች ግን ለያየ። የአንዱ ድልድይ ለሌላው ግድግዳ ይሆናል።

አሁን ወደ ልጁ ሁለተኛ ጥያቄ እንምጣ። ይህች አገር ለምን ድልድይ ተባለች?

ካርታውን ተመልከቱ። አፍሪካ በሁሉም ጎን በባሕር ተከባለች፤ በአንዲት ቦታ ብቻ ከእስያ ጋር ትያያዛለች። እርሷም ሲና ናት፤ ከሲና ቀጥሎ ደግሞ እኛ ያለንባት ይህች ጠባብ አገር። በምዕራቧ ሜዲትራንያን፣ በምሥራቋ በረሃ አለ። በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ቦይ በሰው እጅ እስከ ቆረጠው ድረስ፣ ከአፍሪካ ወደ እስያ እግርን ባሕር ሳይነካው መሄድ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነበር። በደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ቀይ ባሕር ይጠባል፤ በበረዶው ዘመን ደግሞ ይበልጥ ጠብቦ ነበር። ነገር ግን ያ በር ሙሉ በሙሉ እንዳልደረቀ ብዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ቤሪንጂያን ባሕር ዋጣት፤ ዶገርላንድን ባሕር ዋጣት፤ ይህ ድልድይ ግን ባሕር ሲሞላም ሲጎድልም ቆሞ የኖረ ነው።

በላዩ ያለፉት የጥንት ሰዎች ምልክታቸውን ትተዋል። ከኪኔሬት ባሕር በስተደቡብ በምትገኘው በኡበይዲያ፣ ዕድሜያቸው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ከኪኔሬት በስተሰሜን፣ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር፣ ጌሼር ብኖት ያዕቆብ በሚባለው ስፍራ ደግሞ ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እሳት ይጠቀሙ እንደነበር በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ናዓማ ጎረን-ኢንባር የተመራ ቡድን በ2004 አስታውቋል። ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበው መሣሪያቸው በአፍሪካ ከሚገኘው ጋር ተመሳሳይ ነው።

ወደ እኛው ዘር፣ ወደ ዘመናዊው ሰው ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ በተባለ ቦታ በ1967 የተገኘው ቅሪት ዕድሜው ከ200,000 ዓመት በላይ እንደሆነ በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እዚህ ደግሞ በቀርሜሎስ ተራራ፣ ሚስሊያ በተባለ ዋሻ የተገኘው መንጋጋ ከ177,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው በ2018 ታትሟል። ከአፍሪካ ውጭ ከተገኙት የዘመናዊ ሰው ጥንታዊ ቅሪቶች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። አንዱ ጫፍ በኦሞ፣ ሌላው በቀርሜሎስ ማለት ነው። መካከሉን የሚያያይዘው ምንድን ነው? ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት «የሶርያ አፍሪካ ስንጥቅ» የሚሉት፣ እኛ «ስምጥ ሸለቆ» የምንለው ነው። ከሶርያ ተነሥቶ፣ በዮርዳኖስና በሙት ባሕር አልፎ፣ በቀይ ባሕር ወርዶ፣ በደናክል በኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ሞዛምቢክ ይዘልቃል። በሙት ባሕር ዳር የቆመ ሰውና በደናክል የቆመ ሰው፣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በታች፣ በአንዱ ታላቅ የምድር ስንጥቅ ውስጥ ናቸው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ። ይህን ሁሉ ካጫወትኳት በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። «በልጅነትሽ ሽመላ ሲያልፍ ምን ትሉ ነበር?» አልኳት። ፊቷ በራ። በጎንደር መንደር ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆች ሁሉ ከሜዳ ሆነው ወደ ላይ እያዩ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት ነበር፤ ይህን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አድርጋችሁታልም።

«ሽመላው በእውነት ከዚህ አገር መምጣቱን ታውቂያለሽ?» አልኳት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሽመላ ከባድ ወፍ ነው፤ ሩቅ መንገድ ክንፉን እያርገበገበ አይሄድም። ፀሐይ መሬትን ስታሞቅ የሚነሣውን ሞቃት አየር ይዞ ይሽከረከርና ከፍ ይላል፤ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ ሞቃት አየር በባሕር ላይ አይነሣም። ስለዚህ ከምሥራቅ አውሮጳ ወደ አፍሪካ የሚወርደው ሽመላ ሜዲትራንያንን ዞሮ፣ በቱርክ በኩል፣ በዚህች አገር ላይ፣ በሲና አድርጎ፣ ዓባይን ተከትሎ ወደ ሱዳንና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይሄዳል። በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ሽመላዎች በእስራኤል ሰማይ ላይ ያልፋሉ፤ በመጸው ወደ ደቡብ፣ በጸደይ ወደ ሰሜን። ሽመላም የየብሱን ድልድይ ነው የሚከተለው። በመንደራችን ያሉ ልጆች ስለ ኢየሩሳሌም የጠየቁት ትክክለኛውን ተጓዥ ነበር።

ያች እናት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ታዲያ እኔ ይህን አውቀው ነበር ማለት ነዋ!» አለች። አዎን፣ ታውቀው ነበር። ስሙን ብቻ ነው ያላወቀችው። ስሙም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በዕብራይስጥ «ጌሼር ያባሽቲ» ይባላል። ጌሼር ድልድይ ነው። ያባሻ ደግሞ መሬት፣ ደረቅ ምድር ማለት ነው፤ እኛ «የብስ» የምንለው ነው። ሁለቱ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። በኡልፓን እንግዳ ሆኖብን የምንፈራው ቋንቋ፣ ቀረብ ብለን ስናየው ብዙ ጊዜ የራሳችን ቃል ዘመድ ነው።

እንግዲህ ከመለያየታችን በፊት ሦስት ነገር አደራ ልበላችሁ። አንደኛ፣ ልጃችሁ በማታውቁት ነገር ሲጠይቃችሁ፣ «አላውቅም፤ አስተማሪህን ጠይቅ» ብላችሁ በሩን አትዝጉ። «አላውቅም፤ ግን ካርታውን አሳየኝና አብረን እንይ» በሉት። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ልጁ ከመጠየቅ ሲቀር ግን የሚጎዳው ቤቱ ሁሉ ነው። ሁለተኛ፣ እናንተም መልሳችሁ ጠይቁት። ስለ መልካ፣ ስለ ግመል፣ ስለ ሽመላ የምታውቁትን ንገሩትና፣ በመጽሐፉ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እርሱ ያስረዳችሁ። እርሱ ከወዲያ፣ እናንተ ከወዲህ ስትሄዱ መካከል ላይ ትገናኛላችሁ። ሦስተኛ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ ሽመላ ወደ ሰሜን በሚመለስበት ወቅት፣ የሚመቻችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ዮርዳኖስ ሸለቆ ወይም ወደ ቤት ሼአን አካባቢ ውጡ። ረፋዱ ላይ፣ መሬቱ ሞቅ ሲል፣ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። በመቶ የሚቆጠሩ ሽመላዎች ሲሽከረከሩ ታያላችሁ። በአገር ቤት ምን ትሏቸው እንደነበር በዚያች ሰዓት ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ያች እናት ያን ቀን ማታ ልጇን ጠርታ፣ «ያን ወረቀት እስኪ አምጣው» አለችው። ወረቀቱ ለአስተማሪው ተመልሶ ስለነበረ በእጁ አልነበረም። እርሷም በደብተሩ ላይ ጣቷን እያስኬደች፣ ሽመላ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ አሳየችው። ልጁ ብዙ አልተናገረም። ሲተኛ ግን፣ «እማዬ፣ ሽመላው መልስ ይሰጣችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንደገና ጠየቃት ማለት ነው።